ከስንት ነው? የፈተና ማርክን ወደ መቶኛ የመቀየር አሠራር

ካርድ መስጫ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ደሴ ውስጥ ተማሪ አስጠናለሁና ጥያቄው ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ተማሪዋ «ቲቸር፣ ሚድ ከ25 17 አመጣሁ፤ ስንት ፐርሰንት ነው?» ትላለች። ልጁን ለትምህርት ከደላንታ ወይ ከወረኢሉ ደሴ የላከ አባት ደግሞ ይደውልና «መምህር፣ ልጁ 45 አመጣሁ አለኝ። ወደቀ ማለት ነው?» ይላል። 45ቱ ገና ከ60 የተያዘ መሆኑን፣ ፋይናል እንዳልተፈተነ ማንም አልነገራቸውም።

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለ ተማሪና ለወላጁ ይሆናል። አብሽሩ፣ ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የተመለሱላችሁ የፈተና ወረቀቶች በሙሉ። በቃል የምታስታውሱት ማርክ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ያገኛችሁት ቁጥር ነው፤ ከስንት እንደሆነ ይረሳል።

• የነጥብ አያያዙ ዝርዝር። ቴስት ከስንት፣ ሚድ ከስንት፣ ፋይናል ከስንት እንደሚያዝ መምህሩ ሴሚስተሩ ሲጀመር ይናገራል ወይም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ካልጻፋችሁት ጠይቁ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ከሰብጀክት ሰብጀክት ስለሚለያይ የሌላ ሴክሽን ጓደኛችሁን ዝርዝር አትገልብጡ።

• አንድ ባዶ ገጽና እስክሪብቶ።

• የስልክ ካልኩሌተር። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ከሞተባችሁ ደግሞ በእጅ የሚሠራበት አቋራጭ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አለ።

1. ሁለቱን «ከስንት» ለዩ

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ፈተና ሁለት «ከስንት» አለው። አንደኛው ወረቀቱ የታረመበት ነው። ሁለተኛው ማርክ ሊስት (መምህሩ የተማሪውን ነጥብ የሚመዘግብበት ወረቀት) ላይ የሚያዝበት ነው። መምህሩ ቴስቱን ከ15 አርሞ ከ10 ሊይዘው ይችላል። ሚዱን ከ25 አርሞ ከ20 ሊይዝ ይችላል።

ገጹ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ የፈተናው ስም፣ ያገኛችሁት፣ ወረቀቱ ከስንት፣ የሚያዘው ከስንት። አራቱም ሳይሞላ ወደ ስሌት አትግቡ። አንዷ ከጎደለች የሚወጣው ቁጥር ግምት ይሆናል።

ዓምዶቹን ስትጨርሱ አራተኛውን ብቻ ደምሩት። 100 መምጣት አለበት። 90 ወይም 110 ከመጣ የዘለላችሁት ወይም ሁለቴ የጻፋችሁት ነገር አለ።

2. የምትቆጥሩት ነጥብ ነው፣ ጥያቄ አይደለም

ወረቀት ሳይመለስ ገና ከፈተና ሲወጡ «ከ17 15 መልሻለሁ» የሚሉ ልጆች አሉ። ጥያቄዎቹ እኩል ነጥብ ካልያዙ ይህ ቁጥር ያታልላል።

እንዲህ ያለ ቴስት ያዙ። እውነት ወይም ሐሰት 5 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 1 ነጥብ። ምርጫ 10 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 1.5። ሠርታችሁ አሳዩ 2 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 5። ጥያቄው 17፣ ነጥቡ 30 ነው።

ሁለቱን የ«ሠርታችሁ አሳዩ» ጥያቄዎች ብቻ የሳተች ተማሪ 15 ጥያቄ መልሳለች። በጥያቄ ብታሰላው 15 ÷ 17 × 100፣ ማለትም 88.2 በመቶ ነው። ያገኘችው ነጥብ ግን 5 + 15 = 20 ነው። 20 ÷ 30 × 100 ደግሞ 66.7 በመቶ ይሆናል። ቤት ሄዳ 88 ብላ ካወራች በኋላ ወረቀቱ ሲመለስ ኩርፊያው ከመምህሩ ጋር ይሆናል። መምህሩ ግን ምንም አላጠፋም።

መምህሩ የተበላሸ ጥያቄ ከሰረዘስ? እንዴት እንደሰረዘው ጠይቁ፤ ሁለት መንገድ አለ። ከ20 ጥያቄ አንዱን አውጥቶ ከ19 ካረመው፣ 14 ያገኘ ልጅ 14 ÷ 19 × 100 = 73.7 በመቶ አለው። የተሰረዘውን ለሁሉም ከሰጠ ደግሞ ያው ልጅ 15 ከ20፣ 75 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አማካይ 49 እና 50 ላይ ለቆመ ልጅ ትንሽ አይደለም።

3. የአንዱን ወረቀት መቶኛ አውጡ

ያገኛችሁት ÷ ወረቀቱ ከስንት × 100

ሚድ 17 ከ25 ከሆነ፣ 17 ÷ 25 = 0.68፤ በ100 ስታበዙት 68 በመቶ።

ይህ ቁጥር የሚጠቅመው ለማወዳደር ነው። ፊዚክስ 22 ከ30፣ ኬሚስትሪ 14 ከ20 አመጣችሁ እንበል። የቱ ይሻላል? 22ን ብቻ ወይም 14ን ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። ሁለቱን ከ100 ስታደርጓቸው ፊዚክስ 73.3፣ ኬሚስትሪ 70 ነው። ፊዚክስ በትንሹ ይበልጣል።

ካልኩሌተር ከሌለ እነዚህን ያዙ፦

• ከ20 ከሆነ በ5 አብዙ። 13 × 5 = 65።
• ከ25 ከሆነ በ4 አብዙ።
• ከ50 ከሆነ በ2 አብዙ።
• ከ40 ከሆነ በ2.5 አብዙ። 31 × 2.5 = 77.5።
• ከ30 ከሆነ ለ3 አካፍሉና በ10 አብዙ።
• ከ15 ከሆነ ለ3 አካፍሉና በ20 አብዙ። 12 ÷ 3 = 4፣ 4 × 20 = 80።

ሳታሰሉ በፊት ግማሹን በዓይን እዩ። የ25 ግማሽ 12.5 ነው። 17 ከዚያ ስለሚበልጥ መልሱ ከ50 በላይ መሆን አለበት። ካልኩሌተሩ 42 ካላችሁ የጫናችሁት ቁልፍ ተሳስቷል ማለት ነው። ከ100 በላይ ካላችሁ ደግሞ ገልብጣችሁ 25ን ለ17 አካፍላችኋል።

4. ወደሚያዝበት ቀይሩ

ካርድ ላይ የሚደርሰው ነጥብ የሚወጣው በዚህኛው ነው።

ያገኛችሁት ÷ ወረቀቱ ከስንት × የሚያዘው ከስንት

ከቀድሞው የሚለየው በ100 ፋንታ በሚያዝበት ማባዛታችሁ ብቻ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ የ1ኛ ሴሚስተር ውጤቱን እንዲህ ሞላ እንበል (የናንተ አያያዝ ሊለይ ይችላል)፦

• ቴስት 1፦ 12 ከ15፣ የሚያዘው ከ10። 12 ÷ 15 × 10 = 8
• ቴስት 2፦ 13 ከ20፣ የሚያዘው ከ10። 13 ÷ 20 × 10 = 6.5
• የቤትና የክፍል ሥራ፦ 9 ከ10፣ የሚያዘውም ከ10። 9
• ግሩፕ ሥራ፦ 8 ከ10፣ የሚያዘውም ከ10። 8
• ሚድ፦ 17 ከ25፣ የሚያዘው ከ20። 17 ÷ 25 × 20 = 13.6
• ፋይናል፦ 33 ከ50፣ የሚያዘው ከ40። 33 ÷ 50 × 40 = 26.4

ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ አንድ ነገር አረጋግጡ። የወጣው ነጥብ ከሚያዝበት መብለጥ አይችልም። ሚድ ከ20 የሚያዝ ሆኖ 21 ከወጣላችሁ ተመለሱና እዩት።

5. የተቀየሩትን ብቻ ደምሩ

8 + 6.5 + 9 + 8 + 13.6 + 26.4 = 71.5

የሒሳብ ውጤቱ ከ100 71.5 ነው። ከ100 ስለሆነ ያው መቶኛው ነው፤ ሌላ ማካፈል አያስፈልግም።

ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ሁለት የተሳሳተ መንገድ ይሄዳሉ። ሁለቱም ደግሞ ትክክል ይመስላሉ።

አንደኛው መንገድ የየወረቀቱን መቶኛ አውጥቶ አማካዩን መውሰድ ነው። ከላይ ያለው ልጅ መቶኛዎች 80፣ 65፣ 90፣ 80፣ 68 እና 66 ናቸው። ድምራቸው 449፣ ለ6 ሲካፈል 74.8። ከእውነተኛው በ3 ነጥብ አካባቢ ከፍ አለ። ምክንያቱም ከ10 የሚያዘው የቤት ሥራ ከ40 ከሚያዘው ፋይናል ጋር እኩል ተቆጠረ። ሰኞ ገበያ አንድ ጣሳ ሽምብራና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ የሄደ ሰው «ሁለት ሸክም ሸጥኩ» ቢል ቁጥሩ ልክ ነው፤ ገንዘቡን ግን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው መንገድ ጥሬ ማርኩን ደምሮ ለጠቅላላው ማካፈል ነው። 12 + 13 + 9 + 8 + 17 + 33 = 92፤ ወረቀቶቹ በጠቅላላ ከ130። 92 ÷ 130 × 100 = 70.8። ይህ ደግሞ ዝቅ አደረገው። የቀረበ ይመስላል፣ ግን የተቃረበው በአጋጣሚ ነው። ወረቀቱ የታረመበት ቁጥር ስለ ክብደቱ ምንም አይናገርም።

6. ለፋይናል ስንት እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ፋይናል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ቀድማችሁ ሥሩት። ጊዜያችሁን ለየትኛው ሰብጀክት እንደምትሰጡ የሚነግራችሁ ይህ ስሌት ነው።

ሀ. ከፋይናል በፊት ያለውን ደምሩ። የኛ ልጅ 8 + 6.5 + 9 + 8 + 13.6 = 45.1 አለው። ይህ ከ60 ነው። አባቱ በስልክ የሰሙት 45 ይህ ነው። 45.1 ÷ 60 × 100 = 75.2 በመቶ፤ ልጁ አልወደቀም፣ እንዲያውም ደህና ይዟል።

ለ. ከምትፈልጉት ውጤት ቀንሱት። 75 ከፈለገ፣ 75 − 45.1 = 29.9። ፋይናል ከሚያዝበት 40 ውስጥ 29.9 ማምጣት አለበት።

ሐ. ወደ ወረቀቱ መልሱት። 29.9 ÷ 40 × 50 = 37.375። ወረቀቱ ከ50 ስለሆነ 38 ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋጉ፤ 37 ቢያመጣ 29.6 ነው የሚያዝለት፣ ድምሩም 74.7 ላይ ይቆማል።

መ. የሚቻል መሆኑን እዩ። 90 ቢመኝ 44.9 ያስፈልገዋል። ፋይናል ደግሞ ከ40 ነው። የትኛውም ሰቃይ ከ40 44.9 አያመጣም። ቢደፍነው እንኳ ጣሪያው 85.1 ነው። ለማለፍ ብቻ፣ ማለትም ለ50፣ የሚፈልገው 4.9 ነው። ያ ከ50ው ወረቀት 7 ማለት ነው።

ሒሳብን እንዲህ አረጋግጦ የያዘ ልጅ የቀረውን ሳምንት ፊዚክስ ላይ ቢያሳልፍ አልቃወምም።

7. የካርዱ አማካይ

የሁሉንም ሰብጀክት ውጤት ደምራችሁ ለሰብጀክቶቹ ብዛት አካፍሉ። 10 ሰብጀክት ኖሮ ድምሩ 684 ከሆነ፣ አማካዩ 68.4 ነው። ድምር ውስጥ የገቡትን ብቻ ቁጠሩ። ጠባይ በፊደል የሚሰጥ ስለሆነ አይቆጠርም።

የዓመቱን ለማግኘት የሁለቱን ሴሚስተር ደምራችሁ ለ2 አካፍሉ። ሒሳብ 71.5 እና 64 ከሆነ፣ 135.5 ÷ 2 = 67.75። በዓመቱ መሐል ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ ልጅ የሰብጀክቶቹ ብዛት በሁለቱ ሴሚስተሮች ላይገጥም ይችላል። እንዲህ ከሆነ በራሳችሁ አትሥሩት። አሠራሩን ሆምሩማችሁን ጠይቁ።

8. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና

ይህ ከካርዱ ይለያል። ቴስት፣ ሚድ፣ የቤት ሥራ የለም። እያንዳንዱ ሰብጀክት ከ100 ይመጣል፣ ድምሩም አንድ ላይ ይታያል። ስለዚህ 3ኛው ደረጃ ላይ ያለው ስሌት ይበቃል። ድምራችሁ 387 ከ600 ከሆነ፣ 387 ÷ 600 × 100 = 64.5 በመቶ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ታችኛው ቁጥር ላይ ነው። የተፈተናችሁትን ሰብጀክት ቁጠሩና በ100 አብዙ። 6 ከሆነ ከ600፣ 7 ከሆነ ከ700። ግማሹ ለመጀመሪያው 300፣ ለሁለተኛው 350 ነው። አንድ ጎረቤት 387 ሰምቶ «ሠላሳ ስምንት በመቶ» ቢል አትደንግጡ፤ ከ1000 አስቦት ነው።

ቤት ውስጥ ሞዴል ፈተና ስትሠሩም በዚሁ መንገድ ቀይሩ። 65 ጥያቄ ካለው የሒሳብ ወረቀት 41 ከመለሳችሁ፣ 41 ÷ 65 × 100 = 63.1 ነው። እንዲህ ሲሆን ሒሳቡን 80 ጥያቄ ካለው ኬሚስትሪ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

የፐርሰንት ቁልፉን አትጫኑ። ካልኩሌተሮች እንደየዓይነታቸው ይህን ቁልፍ በተለያየ መንገድ ይረዱታል። ማካፈል፣ ከዚያ በ100 ማባዛት የትኛውም ስልክ ላይ አንድ መልስ ይሰጣል።

መሐል ላይ አታጠጋጉ። 6.5፣ 7.5፣ 13.5 እና 24.5 ያለው ልጅ ድምሩ 52 ነው። እያንዳንዱን ወደ ላይ እያጠጋጋ ቢደምር ግን 7 + 8 + 14 + 25 = 54 ይሆንለታል። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሁለት ነጥቦች! ነጥቡን እንዳለ ይዛችሁ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አጠጋጉ። 49.5ን ደግሞ በራሳችሁ 50 አትበሉት። የሚወስነው የትምህርት ቤቱ አሠራር ነው።

ያልተፈተናችሁትን ባዶ አትተዉ። ታማችሁ ቴስት ካመለጣችሁ መምህሩ ዜሮ ሊያደርገው፣ ሜካፕ (ማካካሻ ፈተና) ሊሰጣችሁ ወይም ከቀረው ሊያሰላላችሁ ይችላል። ልዩነቱ ከባድ ነው። ከ90 64 ያለው ልጅ፣ የቀረው 10 ዜሮ ከተባለ ውጤቱ 64 ነው። ከ90 ከተሰላለት ግን 64 ÷ 90 × 100 = 71.1። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ለቤት ሰው ቁጥር አትንገሩ።

ሌሎች ተደጋጋሚ ስህተቶች

• «ከ60 ወደ 75 ወጣሁ፤ 15 ፐርሰንት ጨመርኩ» ማለት። የጨመረው 15 ነጥብ ነው። ከነበረበት አንጻር ከታየ 15 ÷ 60 × 100፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ለቤት ወሬ ችግር የለውም፤ ለሒሳብ ፈተና ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

• የጓደኛን ፋይናል ከራስ ጋር በጥሬው ማወዳደር። የእሱ መምህር ከ60 ሲያርም የናንተው ከ50 ሊያርም ይችላል።

• ግሩፕ ሥራን መርሳት። ወረቀቱ ለአንድ ልጅ ስለሚመለስ ሌሎቹ ቁጥሩን አያውቁትም። ያኔ የአራተኛው ዓምድ ድምር 90 ይመጣል።

• ወላጅ ጋ ሲደወል ቁጥሩን ብቻ መናገር። «45 ከ60፣ ፋይናል ይቀራል» በሉ። ሦስት ቃል ተጨማሪ ነው፤ አገር ቤት ያለ ሰው አንድ ሌሊት እንዲተኛ ያደርጋል።

ካርዱ ከናንተ ስሌት ጋር ካልገጠመ

መጀመሪያ ራሳችሁ ሁለተኛ ሥሩት፤ በተለይ አራተኛውን ዓምድ። አሁንም ካልገጠመ ገጹን ከነወረቀቶቹ ይዛችሁ የሰብጀክቱን መምህር አግኙ። ወደ ሆምሩም ወይም ወደ ዳይሬክተር ቀድማችሁ አትሂዱ፤ ማርክ ሊስቱ ያለው እሱ ጋ ነው። «ለምን አነሰኝ?» ከማለት «ሚዱ ከ20 13.6 ወጣልኝ፣ እርስዎ ጋ ስንት ተይዟል?» ብትሉት ሁለታችሁም አንድ መስመር ብቻ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የአንድ ቴስት አለመግባት ወይም ከአጠገብ ተማሪ ጋር የመስመር መለዋወጥ ነው፤ ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ ወዲያው ይስተካከላል። ሮስተር (የክፍሉ ጠቅላላ የውጤት መዝገብ) ተዘግቶ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተበተነ በኋላ ግን መምህሩን ማግኘትም ከባድ ነው። ስለዚህ ካርዱን በተቀበላችሁበት ቀን፣ ከግቢው ሳትወጡ ደምሩት።